የተጠቀለለው አውታር፦ በአልፕስ ተራራ ላይ የአንድ ቀስተኛ መሣሪያና እርጥበት (የጉዳይ ጥናት)

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1991 ሄልሙት ሲሞንና ኤሪካ ሲሞን የተባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት በኦስትሪያና በጣሊያን ወሰን ላይ ከሚገኘው የኦትዝታል ተራራ ሲወርዱ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,210 ሜትር በሆነ ስፍራ፣ ከሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ግማሽ አካሉ የወጣ ሬሳ አዩ። መጀመሪያ የታሰበው በቅርብ ዓመታት ጠፍቶ የቀረ ተራራ ወጪ ነው ተብሎ ነበር። ከቀናት በኋላ የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲው የአርኪዮሎጂ ሊቅ ኮንራድ ሽፒንድለር ከሬሳው ጋር የተገኘውን የመዳብ መጥረቢያ ባዩ ጊዜ ግን ሰውዬው ቢያንስ 4,000 ዓመት እንደሚሆነው ተናገሩ፤ በኋላ የተደረገው የራዲዮካርቦን ልኬትም ዘመኑን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3350 እስከ 3100 ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን አረጋገጠ። ዓለም ዛሬ ኦትዚ በሚል ስም ያውቀዋል።

ስለዚህ ሰው ብዙ ተጽፏል። ጽሑፉ ግን በአብዛኛው የሚያተኩረው በአሟሟቱ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በተነሣ ራጅ ግራ ትከሻው ውስጥ የባልጩት የፍላጻ ጫፍ ከተገኘ ወዲህ ታሪኩ የግድያ ምርመራ መልክ ይዟል። ይህ ጽሑፍ ያንን ነገር ወደ ጎን ትቶ፣ ለቀስተኛ ይበልጥ የሚጠቅመውን ጥያቄ ይመረምራል፦ ዝናብ፣ ጤዛና የሚቀልጥ በረዶ በማይለይበት ከፍታ ላይ ቀስት ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው መሣሪያውን ከእርጥበት የሚጠብቀው እንዴት ነው? ኦትዚ ለዚህ ጥያቄ የተለየ ምስክር የሚሆነው፣ አንድ ሰው በአንድ ጉዞ ላይ የያዘው የቀስት መሣሪያ ከነጥገና ዕቃው ሳይበተን የተገኘበት ሁኔታ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ነው። በሌሎች ቁፋሮዎች የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የድንጋይ ጫፉ ብቻ ነው፤ እንጨቱን፣ ላባውን፣ ጅማቱንና ቆዳውን አፈር ይበላቸዋል።

አስቀድሞ የዕቃውን ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። ቀስቱ ዩው ከሚባለው፣ ቅጠሉ መርፌ መሰል ከሆነው ዛፍ የተጠረበ ሲሆን ርዝመቱ 1.82 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰውዬው ራሱ 1.60 ሜትር ያህል ስለነበር ቀስቱ ከራሱ በላይ ይወጣል። ቀስቱ አላለቀም። የመጥረቢያው ጠባሳ በእንጨቱ ገጽ ላይ እንዳለ ነው፤ አውታሩ የሚያዝባቸው የጫፍ ቆረጣዎችም ገና አልወጡም። ከቆዳ በተሰፋ ረጅም ኮሮጆ ውስጥ 14 የፍላጻ ዘንጎች ነበሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ ጫፍና ላባ የነበራቸው ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ እነርሱም ተሰብረዋል፣ 12ቱ ደግሞ ገና ያልተሠሩ ዘንጎች ናቸው። በዚያው ኮሮጆ ውስጥ በአንድ ላይ የታሰሩ አራት የአጋዘን ቀንድ ቁርጥራጮች፣ ከቀንድ የተሠራ አንድ ቆልማማ መሣሪያ፣ የእንስሳ ጅማት እስርና 2 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የተጠቀለለ ገመድ ተገኝተዋል።

የዚህ ጥናት ማዕከል ያ ገመድ ነው። ለብዙ ዓመታት ከዛፍ ልጥ የተፈተለ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። በኋላ በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች መሪነት የተደረገ ምርመራ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ይፋ ሲሆን፣ ገመዱ ከእንስሳ እግር ጅማት በሦስት ክር የተገመደ መሆኑን አሳየ። ርዝመቱ፣ ጥንካሬውና አገማመዱ ሲታይ የቀስት አውታር ለመሆን የተዘጋጀ ነው። በዓለም ላይ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ አውታሮችም አንዱ ነው፤ በደቡብ ስፔን ከሚገኝ ደረቅ ዋሻ የወጡ የጅማት አውታሮች ከዚህም የሚቀድሙ መሆናቸው በቅርቡ ታውቋል። ከሁለቱ ስፍራዎች አንዱ ፍጹም ደረቅ፣ ሌላው ፍጹም በረዶ መሆኑን ልብ ይሏል። ጅማት ለሺህ ዓመታት የሚቆየው በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች ነው እንጂ በመካከላቸው ባለው፣ አዳኝ ዕለት ዕለት በሚኖርበት እርጥብ አየር ውስጥ አይደለም።

ጅማት በደረቅ ጊዜ ለአውታር ከሚመረጡት ነገሮች ሁሉ የላቀ ነው። ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ይለጠጥና ይመለሳል፤ ስለዚህም ፍላጻው በሚለቀቅበት ቅጽበት በእንጨቱ ላይ የሚደርሰውን ድንጋጤ ይቀንሳል። ጠላቱ ውኃ ነው። የጅማት ዋና ክፍል ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ ውኃ በቃጫዎቹ መካከል ሲገባ ያለሰልሳቸዋል፤ በውጥረት ላይ ያለ እርጥብ ጅማትም እየተሳበ ይረዝማል። ይህን ለመረዳት ቤተ ሙከራ መግባት አያሻም። በክረምት ከበሮ የሚመታ ሰው ቆዳው ሲላላና ድምፁ ሲደክም ወደ እሳት ያስጠጋዋል ወይም ፀሐይ ሲወጣ ያሰጣዋል፤ የከበሮው ቆዳና የቀስቱ ጅማት በባሕርያቸው አንድ ናቸውና።

አውታር ሲረዝም ምን ይሆናል? በአውታሩና በእንጨቱ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል፤ ቀስቱ የሚገተርበት ጉልበትና ፍላጻው የሚገፋበት ርቀት ይዛባል። ውኃ የጠጣ አውታር ክብደትም ይጨምራል፤ ወደ ፍላጻው መሄድ የነበረበት ጉልበት ከፊሉ አውታሩን ራሱን ለማንቀሳቀስ ይውላል። ውጤቱ ቀስተኛው እንደ ለመደው አነጣጥሮ ፍላጻው ከእንስሳው እግር ሥር መውደቁ ነው፤ አልፎ ተርፎም የላላው አውታር የክንዱን ውስጠኛ ክፍል ይገርፈዋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሳይታወቅ መድረሱ ነው። የተሰበረ ፍላጻ ይታያል፤ ጥቂት ጣት የረዘመ አውታር ግን የሚታወቀው ዒላማው ካመለጠ በኋላ ነው።

ከዕፅዋት የሚገኙት ክሮች ጠባያቸው የተለየ ነው። ተልባና ሳማን የመሰሉ ቃጫዎች ሲርሱ አይደክሙም፤ እንዲያውም ይበረታሉ፣ የተገመደ ገመዳቸውም እንደ ጅማት በመርዘም ፈንታ ያጥራል። ተልባ በዚያ ዘመን በአልፕስ ግርጌ በሚኖሩ ገበሬዎች ዘንድ የሚዘራ ሰብል ነበር፤ ሳማውም በየደጁ ይበቅላል። ስለዚህ ጅማትን የመረጠው ሰው ሌላ አጥቶ አልነበረም። እንደ እኔ አስተያየት ምርጫው የሚያስተምረው ነገር አለ፦ በደረቅ ሰዓት የበለጠ ጉልበት የሚሰጠውን መረጠ፣ የእርጥቡን ሰዓት ችግር ደግሞ በቁሱ ሳይሆን በአያያዙ ሊፈታ አሰበ። አውታሩ ተጠቅልሎ የተገኘው ክዳን ባለው የቆዳ ኮሮጆ ውስጥ ነው፤ በሰውዬው ጓዝ ውስጥ ከዝናብ ይበልጥ የተከለለው ስፍራ ያ ነበር።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ማንሣት ያለበት ተቃውሞ አለ። ቀስቱ ካላለቀ አውታሩ ሌላ ምን ቦታ ሊኖረው ይችላል? ቆረጣ በሌለው እንጨት ላይ አውታር አይታሰርም፤ ስለዚህ ከቀስቱ ተለይቶ መገኘቱ ብቻውን ከእርጥበት የመጠበቅ ልማድን አያስረዳም። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ከዚህ አንድ ግኝት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በግምት ይቀር ነበር። የሚረዳን ሁለተኛው ስፍራ ነው።

በስዊዘርላንድ የበርን አልፕስ ውስጥ ሽኒደዮኽ የሚባል 2,756 ሜትር ከፍታ ያለው የተራራ ማለፊያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓ በወረደው ከባድ የበጋ ሙቀት በዚያ ያለው በረዶ ሲቀልጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2900 እስከ 2700 አካባቢ የሚቆጠር የቀስተኛ ጓዝ ብቅ አለ፤ ከዚያ በተከታዮቹ ዓመታትም የዩው ቀስትና ፍላጻዎች ተገኙ። ከሁሉ የሚደንቀው ከበርች ዛፍ ቅርፊት ተሰፍቶ የተሠራው የቀስት ማኅደር ነው፤ ርዝመቱ 1.70 ሜትር ያህል ሲሆን መላውን ቀስት ይሸፍናል። የበርች ቅርፊት ውኃ አያስገባም፤ ቀላል ነው፤ እንደ ቆዳም ረጥቦ አይከብድም። በዚያ ማለፊያ የሄደው ሰው ለማደን ሲዘጋጅ ብቻ የሚያወጣውን መሣሪያ በቀረው ጊዜ ሁሉ ከነፍላጻው በክዳን ውስጥ ይዞ ይጓዝ ነበር ማለት ነው። በሁለቱ ተራሮች መካከል ያለው የዘመን ርቀት ብዙ መቶ ዓመት ቢሆንም ጥበቡ አንድ ዓይነት መሆኑ፣ የኦትዚን ኮሮጆ በዚያ ብርሃን ለማንበብ ያስችላል።

የኦትዚ ኮሮጆ ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። ለረጅም ጊዜ ሻሞዋ ከሚባለው የተራራ ፍየል ቆዳ እንደተሰፋ ሲነገር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የዘር ምርመራ ሮ ከሚባለው አነስተኛ የአጋዘን ዓይነት ቆዳ መሆኑን አሳይቷል፤ በዚያው ምርመራ ቆቡ ከቡናማ ድብ፣ ካፖርቱ ከበግና ከፍየል፣ የጫማ ማሰሪያው ከከብት ቆዳ መሆናቸው ታውቋል። ልብሱ በአብዛኛው ከቤት እንስሳት ሆኖ ሳለ ኮሮጆውና ቆቡ ከዱር እንስሳት መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከሁለት ዕቃ ብዙ መደምደም ደፋርነት ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አሠራሩ ነው፦ ኮሮጆው ጠባብና ረጅም ሲሆን፣ ቆዳው እንዳይታጠፍ በአንድ ጎኑ የሄዝል እንጨት ተሰፍቶበታል፤ አፉ ደግሞ በቆዳ ክዳን ይዘጋል። እርጥብ ቆዳ እንደሚልመጠመጥ የሚያውቅ ሰው ነው ያንን እንጨት የሰፋበት።

ወደ ፍላጻዎቹ እንመለስ። ሁለቱ ያለቁት ፍላጻዎች የባልጩት ጫፎቻቸው የተያዙት በበርች ቅጥራን ነው። ቅጥራኑ የሚወጣው የበርች ቅርፊት አየር እንዳይገባበት ታፍኖ በእሳት ሲግል ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደነድናል፣ ውኃም አያሟሟውም። አማርኛ አንባቢ ቅጥራን የሚለውን ቃል የሚያስታውሰው ከኖኅ መርከብ ታሪክ ነው፤ በውስጥም በውጭም የተቀባው ውኃ እንዳይገባ ነውና፣ እዚህም ያለው ሥራ ያው ነው። ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ በዚያ ከፍታ ላይ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ለስልሶ ጫፉ ከዘንጉ ይለቅ ነበር። ላባዎቹም በሦስት ጎን የተለጠፉት በዚያው ቅጥራን ሲሆን በላያቸው ቀጭን ክር ተጠምጥሞባቸዋል።

ላባ ግን ቅጥራን የማያድነው ድክመት አለው። የፍላጻ ላባ ሥራ አየሩን እየያዘ ዘንጉ እንዳይወላገድ ማድረግ ነው፤ ይህን የሚሠራው ቃጫዎቹ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው ቀጥ ብለው ሲቆሙ ብቻ ነው። ሲርስ ይተኛል። የተኛ ላባ ያለው ፍላጻ በአየር ላይ ጭራው እየተወዛወዘ ይሄዳል፤ በቅርብ ርቀት ባይታወቅም ዒላማው እየራቀ ሲሄድ ስህተቱ ይሰፋል። ላባ የሚያስፈልገው ማጣበቂያው ውኃ የማይፈራ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ራሱ ላባው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሳይረጥብ መቆየቱ ነው፤ ለዚህም ከክዳን በቀር መድኃኒት አልነበረም። ኮሮጆው እንዲህ ረጅም ሆኖ ዘንጎቹን በሞላ ውጦ የሚይዝበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በኋለኛው ዘመን ፈጥኖ ለመሳብ ሲባል ላባው ከላይ ወጥቶ የሚታይበት ኮሮጆ ተለምዷል፤ በደረቅ አገር ይህ ይሠራል፣ በአልፕስ ግን አይሠራም።

የቀስቱን እንጨት በተመለከተ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ማንኛውም እንጨት ውኃ ሲጠጣ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ረጥቦ ሳለ ሲገተር ደግሞ ጎብጦ ይቀራል፣ ያ ጉብጠት ቢደርቅም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ውኃው ይበልጥ የሚገባው ከጎኑ ሳይሆን የእንጨቱ ቃጫ ከሚቆረጥበት ከሁለቱ ጫፎች ነው። ባለሙያ ያለቀን ቀስት በስብ ወይም በሰም የሚያሸው ስለዚህ ነው። ያላለቀ ቀስት ግን ገና የሚጠረብና የሚፋቅ በመሆኑ እንዲህ ያለ ቅብ አያስፈልገውም፤ የኦትዚ ቀስት በዓለት ላይ ተደግፎ ያለ ማኅደር መገኘቱም ከዚህ ጋር ይስማማል። ሊጎዳ የሚችለውን አውታር በክዳን ውስጥ አኖረ፤ ገና ብዙ መላጥ የሚቀረውን እንጨት ግን ውጭ ተወው። በእኔ ንባብ በዚህ ጓዝ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አውታርና ላባ በአንደኛ ደረጃ፣ እንጨት ከእነርሱ ቀጥሎ፣ ድንጋይና ቀንድ በመጨረሻ።

ለራሱ የያዘውም መከላከያ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከሬሳው ጋር ከረጅም የተራራ ሣር የተጎነጎነ ነገር ተገኝቷል፤ ከትከሻ የሚወርድ የዝናብ ካባ ነው የሚሉ አሉ፣ ምንጣፍ ወይም የጀርባ ሸክም መሸፈኛ ነው የሚሉም አሉ። የጎጃምና የጎንደር እረኞች የሚለብሱትን ገሳ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ወደ መጀመሪያው አስተያየት ማዘንበሉ አይቀርም። ገሳ ለብሶ ከብት ያገደ ሰው እንደሚያውቀው ሣሩ ውኃውን በላዩ ያንሸራትተዋል እንጂ አይጠጣም፣ ከሥሩም አነስተኛ ዕቃ ይዞ መቀመጥ ይቻላል። ተመሳስሎ ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም ቀስተኛ በዝናብ ሲጓዝ ኮሮጆውን ከገሳው ሥር ቢያደርግ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ጫማውም ውስጡ በደረቅ ሣር የታጨቀ ነበር።

እሳቱን መርሳት አይገባም። በጓዙ ውስጥ ከበርች ቅርፊት የተሠሩ ሁለት ቆርቆሮ መሰል ዕቃዎች ነበሩ፤ በአንዱ ውስጥ በትኩስ የሜፕል ቅጠል የተጠቀለለ የከሰል ፍርፋሪ ተገኝቷል፣ ይኸውም ፍም ይዞ ለመጓዝ ያገለግል እንደነበር ያመለክታል። እሳት የሚያቀጣጥል የዛፍ ፈንገስም ይዟል። ፍሙ ለሙቀት ብቻ የተያዘ አይመስለኝም። የበርች ቅጥራን ያለ እሳት አይለሰልስም፤ ስለዚህ ጫፉ የወለቀ ፍላጻ በዱር ውስጥ ለማደስ ፍም የግድ ነው። ከዚህ ላይ ያልተሠሩት 12 ዘንጎች፣ የጅማቱ እስር፣ የቀንዱ ቁርጥራጭና ባልጩት ለመሳል የሚያገለግለው ትንሽ መሣሪያ ሲደመሩ፣ ሰውዬው የተሸከመው ያለቀ የጦር ዕቃ ሳይሆን የሚንቀሳቀስ የጥገና ቤት እንደነበረ ይታያል። የድንጋይ መሣሪያዎቹን የመረመሩ ሊቃውንት ደጋግመው ተስለው እንዳለቁና አዲስ ባልጩት ካገኘ ጊዜ እንዳለፈው ጽፈዋል።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ኦትዚ ከጠብ ሸሽቶ፣ የተሰበረ መሣሪያውን በችኮላ ለመተካት ሲሞክር የተገደለ ሰው ነው ይላሉ። እጁ ላይ ከመሞቱ ከቀናት በፊት የደረሰ ጥልቅ ቁስል መኖሩ ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ግን ጥንቃቄ እንድናደርግ ያስገድዳል። ቀድሞ የነበረው እምነት ሬሳውና ዕቃው እንደ ወደቁ በበረዶ ታሽገው እስከ 1991 ድረስ ሳይነኩ ቆዩ የሚል ነበር፤ አዲሱ ጥናት ስፍራው በመካከሉ ከአንድ ጊዜ በላይ እንደ ቀለጠ፣ ዕቃዎቹም በቀለጠ ውኃና በበረዶ ክብደት ተንቀሳቅሰው የተወሰነው ስብራት ከዚያ ሊመጣ እንደሚችል አመለከተ። ስለዚህ የተሰበሩትን ሁለት ፍላጻዎችና የተሰበረውን የኮሮጆውን እንጨት የትግል ምልክት ማድረግ አያስተማምንም። ቀስቱም ሲገኝ ሌላ ጉዳት ደርሶበታል፤ ሬሳውን ለማውጣት በተደረገው የችኮላ ሥራ ከበረዶው ሲሳብ ተሰብሮ፣ የቀረው ጫፉ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1992 ቁፋሮ ነው። ከ5,000 ዓመት በላይ በረዶ ያልሰበረውን እንጨት የሰው እጅ በአንድ ቀን ሰበረው።

የስብራቱ ጥርጣሬ ግን የቁሶቹን ምርጫ አይነካም። ቅጥራኑ ቅጥራን፣ ጅማቱ ጅማት፣ ክዳኑ ክዳን ነው፤ በረዶ ዕቃን ሊሰብር ይችላል እንጂ ክዳን ሊሰፋ አይችልም። የሰውዬው ሆድ ዕቃም ስለ አደን ይናገራል፦ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት የበላው የአይቤክስና የቀይ አጋዘን ሥጋ ከአይንኮርን ስንዴ ጋር ነበር። አይቤክስ የእኛው የሰሜን ተራሮች ዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ገደላማ ስፍራ የሚኖር፣ ለመቅረብ የሚያስቸግር እንስሳ ነው። ያንን ሥጋ ያደነው ራሱ ይሁን ሌላ ሰው ከሆድ ዕቃ አይታወቅም፤ በዚያ አካባቢ በዚያ ወቅት በቀስት ማደን የሚቻል መሆኑ ግን ግልጽ ነው። በአንጀቱ የተገኘው የአበባ ብናኝ የሞተው በጸደይ መጨረሻ ወይም በበጋ መግቢያ መሆኑን ያሳያል፤ በአልፕስ ይህ ወቅት በረዶው የሚቀልጥበትና ዝናቡ የሚበረታበት ነው።

ዛሬ በዝናብ የሚያድኑ ቀስተኞች መሣሪያቸው ቢለወጥም የሚጨነቁባቸው ስፍራዎች ያው ናቸው። አውታሩ አሁን ፖሊኤቲሊን ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር የሚሠራ ሲሆን ክሩ ራሱ ውኃ አይጠጣም፤ በክሮቹ መካከል ግን ውኃ ይቀመጣል፣ ያም ክብደት ጨምሮ የፍላጻውን ፍጥነት ይቀንሳል። አውታሩ በሰም የሚታሸው ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ሰሙ ላዩ ላይ እንዳይቀር በጣት እየፈተጉ እስኪሞቅ ማሸት ያስፈልጋል። ድምፅ ለማፈን በአውታር ላይ የሚታሰሩ የፀጉርና የሱፍ ቁርጥራጮች ውኃ ስለሚይዙ በዝናብ ቀን ቢወጡ ይሻላል። በእውነተኛ ላባ ፈንታ የፕላስቲክ ክንፍ መጠቀም የላባውን ችግር ያስወግዳል፤ የእንጨት ቀስት ለሚወዱት ግን ላባው የግድ ስለሆነ ክዳን ያለው ኮሮጆ አሁንም ተፈላጊ ነው። ከአደን ሲመለሱ ቀስቱን እሳት ወይም ማሞቂያ አጠገብ ማስደገፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ በሙጫ የተጣበቁ የቀስቱ ክንዶችም ይላቀቃሉ። በጨርቅ አድርቆ፣ ጥላ ባለበት ነፋሻ ስፍራ በአግድም ማኖር ይሻላል። የብረት ጫፎችን በቀጭን ዘይት መጥረግም ዝገትን ይከላከላል።

ከሁሉ በላይ ዝናብ የሚያጠፋው ደግሞ መሣሪያው ላይ የማይገኝ ነገር አለ፤ የቆሰለው እንስሳ የደም ዱካ። ፍላጻ እንደ ጥይት ወዲያው አይጥልም፣ እንስሳው ርቆ ይወድቃል፤ ዱካው በደቂቃዎች ከታጠበ ሥጋው ለጅብ ወይም ለተኩላ ይቀራል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቀስተኞች በዝናብ ቀን የሚወረውሩት ከወትሮው በቀረበ ርቀት ላይ ብቻ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ጨርሶ አይወረውሩም።

የኦትዚ ዕቃዎች ከተገኙ በኋላ የተጠገኑት ጀርመን ውስጥ በማይንትስ ከተማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከሬሳው ጋር በጣሊያን በቦልዛኖ ከተማ በሚገኘው የደቡብ ቲሮል የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ይገኛሉ። ሬሳው ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜና ወደ 99 በመቶ በሚጠጋ እርጥበት ውስጥ ተኝቷል፤ እንዳይደርቅም በየጊዜው በንጹሕ ውኃ ይረጫል። ቀስቱ፣ ኮሮጆውና አውታሩ ግን የተቀመጡት በሌላ ክፍል፣ እርጥበቱ ቁጥጥር በሚደረግበት መስተዋት ውስጥ ነው። ሰውዬውን እርጥበት ጠብቆታል፤ አውታሩ አሁንም ከእርጥበት ተለይቶ፣ ተጠቅልሎ ይኖራል።